የናጋሳኪው ተያዥ

ላስ ቬጋስ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሮሐ፤

ሰላምታ ከማስቀደሜ በፊት አቤቱታ አለኝ። ደብዳቤሽን ስምንት ጊዜ አጥፈሽ ክታብ አስመስለሽ ነው የላክሽው። ስዘረጋው ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ፤ አጠገቤ ሰው ቢኖር ለቡዳ የተጻፈልኝ ይመስለው ነበር። እዚያ አገር ሕፃናት እንኳ ወረቀት አጥፈው ወፍ ይሠራሉ ይባላል። አንቺ ስምንት ወር ተቀምጠሽ የተማርሽው አጣጣፍ ይህ ብቻ ከሆነ ስኮላርሺፕ ለሰጡሽ ሰዎች አመለክታለሁ።

እኔ ደህና ነኝ። እኔና የምነዳት የሆቴሉ ሸትል መኪና ሁለታችንም አርጅተን እንሮጣለን። ሰኞ ዕለት ከኤርፖርት የጫንኳቸው አንዲት አሮጊት ካዚኖው ደጅ የተተከለውን ቅጂ በመስኮት እያዩ «ይህ የአይፍል ግንብ የእውነቱ ነው?» ቢሉኝ፣ «የእውነቱስ ይሄ ነው፤ እንዳይዝግ ብለው ወደ በረሃ አመጡትና ለፓሪስ ቅጂውን ተዉላት» አልኳቸው። አምነው ፎቶ አነሱ። ሲወርዱም ቲፕ ሰጡኝ፣ ኃጢአቴን ይቅር ይበለኝ።

እናትሽ እሁድ ማውንተንስ ኤጅ ሰፈር ያለው ቤቷ ጠርታኝ ነበር። ጎረቤቶቿን ሰብስባ «ወንድሜ መርከበኛ ሳለ የኖረባትን ናጋሳኪን እንደ ጓዳው ያውቃታል፤ ልጄም እዚያ ለትምህርት የሄደችው የእሱን ወሬ ሰምታ ነው» ብላ እንደገና አስወራችኝ። አወራሁ። አጨበጨቡ።

አሁን «የዞርክበትን መንገድ ንገረኝ» ወዳልሽው ጥያቄሽ። ከደጂማ ጀምሪ። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ገደማ ጃፓኖች በፖርቹጋሎች ስብከት ሲሰለቹ ባሕሩ ላይ አፈር ደልድለው የማራገቢያ ቅርጽ ያላት ደሴት ሠሩና ሰዎቹን እዚያ አጎሯቸው። ኋላም አባረሯቸውና ሆላንዶችን አስገቡባት። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ አውሮፓ ጃፓንን የሚያየው በዚያች ቀዳዳ ነበር። ደሴቷ ተሠርታ ያለቀችው በፈረንጅ 1636 ነው። እኛም በዚያው ሰሞን የፖርቹጋል ካህናትን አባረን ጎንደርን ቆረቆርን። ይህን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴ ነኝ ያገናኘሁት። ፕሮፌሰርሽ ከየት አመጣሽው ካሉሽ ስሜን ጥሪ። ዙሪያዋ ያለው ባሕር ዛሬ በአፈር ስለተሞላ ደሴቷ ከተማው መሐል ናት፤ ውሃ ፍለጋ እንዳትንከራተቺ።

ከዚያ ወደ መነጽር ድልድይ። ባለ ሁለት ቅስት የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ወንዙ ሲረጋ ከጥላው ጋር ተጋጥሞ መነጽር ይሆናል። ኦውራ ቤተ ክርስቲያን ስትደርሺ ነጠላሽን አስተካክዪ፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ያለ ቄስ ተደብቀው የኖሩ ክርስቲያኖች መጥተው «እኛም እንደናንተው ነን» ያሉበት ደጅ ነው። ከጎኑ ካለው ከግላቨር ግቢ ሆነሽ ወደቡን እዪ። ኢናሳ ተራራ በገመድ መኪና ይወጣል። አቶሚክ ቦምቡ የወደቀበት ሰፈር ያለው ፒስ ፓርክ ስትደርሺ ግን ዝም ብለሽ ቁሚ፤ ስለዚያ እኔም አልቀልድም።

ወሬዬ ውስጥ ያለውን ኬክ ቤት ፍለጋ አትድከሚ። የእንግዳ መዝገባቸው ላይ ስሜን በአማርኛ ጽፌያለሁ ስልሽ ስላደግሽ መፈለግሽ አይገርመኝም። ግን ነገሩ የ1978 ዓ.ም. ነው፤ የጭነት መርከባችን ለሞተር ጥገና ቆማ ሳለ። ባለቤቱ ሞቷል፣ ቤቱም ፋርማሲ ሆኗል። ሰው የሞተበትን ቤት በኬክ ሰበብ ማንኳኳት ነውር ነው።

ከማን ጋር ነበር የዞርከው ላልሽው፣ ያኔ መርከበኛው ብዙ ነበር። ማን ያስታውሳል።

አጎትሽ ባዘዘው

ናጋሳኪ፣ ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፤

እንዴት ነህ? አሁን አጣጣፉ ይሻላል? ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያጠፍኩት።

አልሰማሁህም። ሄድኩ።

እዚህ ዝናቡ ጀምሯል። ጠዋት በትራም ደጂማ ወረድኩ፤ የጎንደሩን ነገር ለክፍል ጓደኞቼ ነገርኳቸውና ኮራሁብህ። ከዚያ የመነጽር ድልድይ ሄድኩ፤ ወንዙ ደፍርሶ ስለነበር መነጽሩ አልታየኝም። ስትነግረኝ የኖርከውን መንገድ ተከትዬ ከድልድዩ ግራ ታጥፌ ወንዙን ይዤ ወረድኩ። ኬክ ቤቱ አለ። ፋርማሲ አልሆነም። የድሮው ባለቤት ሞተዋል፤ እሱን በምን እንዳወቅህ አላውቅም። ሴት ልጃቸው ናቸው የሚሠሩት፤ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፣ ጀርባቸው ጎብጧል፣ እንግሊዝኛ ትንሽ ይችላሉ።

ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላቸው እጃቸውን ጠርገው ወደ ጓዳ ገቡ። በጨርቅ የተጠቀለሉ ደብተሮች አመጡ። መርከበኞች ሁሉ ይጽፉበት ነበር አሉኝ፤ ሩሲያዊ አለ፣ ግሪክ አለ፣ ፊሊፒኖ አለ። የ1978ቱን አብረን ገለጥን። ፊደላችንን ሳይ ጮኽኩ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። የአንተ ስም አለበት ጋሼ። ግን የጻፍከው አንተ አይደለህም። እንዲህ ይላል፦

«ፍቅረማርያም ነኝ፣ መርከበኛ፣ ከአሰብ። እንዲህ ያለ ኬክ በልቼ አላውቅም። ጓደኛዬ ባዘዘው ተያዥ ሆኖልኝ መርከብ ላይ ቀርቷል። ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ድርሻውን አስቀምጡለት።»

ሴትዮዋ አስታወሱት። በጣም ረጅም ሰውዬ ነበር አሉ። ሁለት ጣቱን አሳይቶ አንዱን አጠፈና ወደ ወደቡ ጠቆመ። እሳቸው ገብቷቸው አንድ ቁራጭ በወረቀት ጠቅልለው እስኪዘጉ ድረስ መደርደሪያ ላይ አቆዩለት። «ጓደኛው ለምን ቀረ?» ብለው ጠየቁኝ።

ኬኩን የበላኸው፣ ገመድ መኪናው ላይ ኮፍያህን ነፋስ የወሰደብህ፣ ኦውራ ደጅ ጫማህን አውልቀህ የተሳለምከው አንተ ነህ ብዬ ነው ያደግሁት። ፍቅረማርያም ማን ነው? አንድም ቀን ስሙን አልጠራህልኝም። ተያዥስ ምን ማለት ነው?

ለሴትዮዋ እጠይቃለሁ ብዬ ወጣሁ። ምን ልበላቸው?

ሮሐ

ላስ ቬጋስ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮሐዬ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሰሞኑን ትልቅ ኮንቬንሽን ስላለ በየቀኑ ኦቨርታይም ነው፤ ብዙ አልጽፍም። አጣጣፉ ተሻሽሏል።

የሴትዮዋን ነገር በልብሽ አትያዢው። በዚያ ዕድሜ ሰው ያምታታል። ከመርከባችን የወረደው ሁሉ ረጅም ነበር። እኔም ያኔ ረጅም ነበርኩ።

ለእናትሽ ለጊዜው ምንም አትንገሪያት።

ይህን ጽፌ ሁለት ቀን ኪሴ ውስጥ ከረመ። አሁን ሳነበው ልቀደው ነበር፤ ግን ከዚህ የተሻለ ስላላገኘሁ ላክሁት።

ባዘዘው

ላስ ቬጋስ፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሮሐ፤

«እኔም ያኔ ረጅም ነበርኩ» ያልኩትን ብቻ ገልብጠሽ ከሥሩ ምንም ሳትጽፊ ስለላክሽልኝ አመሰግናለሁ። መሰደብ ይሻለኝ ነበር። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ድምፅሽን ስሰማ ቀልድ ጀመርኩ። አፌ ልማዱ ነው። ስለዚህ በእጄ ልሞክር።

በአገራችን ሥራ ስትቀጠሪ ተያዥ ጥሪ ትባያለሽ። አንድ ሰው ይመጣና «ይህች ብትጠፋ እኔን ጠይቁ» ብሎ ይፈርማል። ተያዥ እሱ ነው። መርከባችን ላይ የነበረው ካድሬ ይህንኑ ለከተማ መውጫ አደረገው። ሁለት ሁለት ሆነን ተመደብን። አንዱ ጠዋት ሲወጣ ሌላው ፈርሞ ይቀራል፤ ሲመለስ ደግሞ የቀረው ይወጣል። የወጣው ከቀረ የፈረመው ይጠየቃል። የእኔ ጥንድ ፍቅረማርያም ነበር። የሞተር ክፍል ሠራተኛ፣ አልጋው ላይ ሲተኛ እግሩ የሚተርፍ ሰው። ሳቁ ብረት ላይ መዶሻ እንደሚወድቅ ነበር።

ናጋሳኪ ላይ ዕጣ የወጣለት እሱ ነው። እኔ ፈርሜ ቀረሁ። ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው መሰላሉን እየሮጠ ወጣ፤ ኮፍያ አልነበረውም። ጠጋ ብሎ ቀስ አለና፦

«ኦውራ ደጅ አንድ ቄስ አገኘሁ። ብቀር የሚያስጠጋኝ ሰው እንደሚፈልግልኝ በምልክት ነገረኝ» አለ።

«ታዲያ ምን ሆነህ መጣህ? አብደሃል?»

«አንተ አህያ፣ ፈርመሃል አይደለም እንዴ!»

እንዲህ ብሎ ሳቀብኝ። ነገሩ ለእሱ ያን ያህል ቀላል ነበር።

እኔ ልወጣ ጫማዬን ሳስር ሞተሩ ተጠግኗል፣ መውጣት ቀርቷል ተባለ። ናጋሳኪን አልረገጥኳትም ሮሐ። አንድም እርምጃ። ከወደቡ ስንወጣ እሱ በጣቱ እያሳየ «ያ ግንብ ኦውራ ነው፣ ያ ተራራ ኢናሳ ነው፣ ኮፍያዬ እዚያ ቀርቷል» እያለ ከተማዋን ቤት በቤት ነገረኝ። ያላየሁት እንዳይቆጨኝ ብሎ ነው። እኔ ያየሁት የወደቡን ግዙፍ ክሬን ብቻ ነው።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ሮተርዳም ቆምን። አሁን ተራው የእኔ ነበር። እሱ ፈረመ። «እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ፤ እኔም ለእህቴ ጫማ እገዛለሁ» አለኝ። እሺ አልኩት። ይህን ስለው የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬቴ ካልሲዬ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ሰርተፍኬቱን የምነግርሽ በድንገት ነው እንዳትዪልኝ ነው። አላመነታሁም። ጥገኝነት ልጠይቅ ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ እጄን ስሰጥ ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር፤ ለስድስት ሰዓት ገና ሃያ ጉዳይ ነበር። መመለስ እችል ነበር።

እሱን አሰብ ሲወርድ ያዙት። ሦስት ዓመት ታሰረ። ይህን የሰማሁት ስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ከዚያ ወደዚህ መጣሁ።

እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያው ፋሲካ ሰዎች ከበቡኝና «መርከበኛ ነበርክ አሉ፤ ምን አየህ?» አሉኝ። ሮተርዳምን ማውራት አልችልም። ስለዚህ ናጋሳኪን አወራሁ። በፍቅረማርያም እግር ሄድኩ፣ በፍቅረማርያም አፍ ኬክ በላሁ፣ የእሱ ኮፍያ የእኔ ሆነ። ሳቁልኝ። ኋላ ተሳፋሪ ረስቶት ከወረደ የጉዞ መጽሐፍ እየጨመርኩ አሳመርኩት። አንቺ ተወለድሽ፣ አድገሽም ጉልበቴ ላይ ተቀምጠሽ «የኮፍያውን ድገመው» አልሽኝ። ደገምኩት። እስር ቤት አስገብቼው ሲያበቃ፣ ያያትን አንዲት ከተማ እንኳ ወሰድኩበት።

ለሴትዮዋ ምን እንደምትያቸው አላውቅም።

ባዘዘው

ናጋሳኪ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ባዘዘው፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አንድ ሳምንት ሙሉ ልመልስልዎ አልቻልኩም።

ትናንት ሙዚየም ሄጄ ነበር። ክርስትና በተከለከለበት ዘመን በየዓመቱ ሕዝቡን እየሰበሰቡ የክርስቶስን ሥዕል በእግር ያስረግጧቸው ነበር። የረገጠ ይተርፋል። ሥዕሉ ናስ ነው፤ ፊቱ ከእግር ብዛት ተልጎ ጠፍቷል። ተደብቀው የቀሩት ክርስቲያኖችም ረግጠዋል። ግን ቤታቸው ሲገቡ የንስሐ ጸሎት ይደግሙ ነበር ይላል ጽሑፉ። ልጆቻቸውንም ያንኑ ጸሎት አስተማሯቸው። እኔ ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት። የረገጡትን አልፈረድኩባቸውም። ልጆቻቸው ወላጆቻቸው ምን እንደረገጡ ያውቁ ነበር፤ እሱን ነው ያሰብኩት።

ለሴትዮዋ እውነቱን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሻይ ቀዱልኝ። «ሰውዬው ይኖራል?» አሉኝ። እኔም እርስዎን የምጠይቀው ይህንኑ ብቻ ነው። ፍቅረማርያም በሕይወት አሉ? ካሉስ የት ናቸው?

እማማን እኔ አልነግራትም። እርስዎ ይነግሯታል።

ሮሐ

ላስ ቬጋስ፣ ሐምሌ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሮሐ፤

ከተወለድሽ ጀምሮ «አንተ» ስትዪኝ ኖረሽ «እርስዎ» ብለሽ ጻፍሽልኝ። ሽማግሌ ለመሆን ስመኝ የነበረው በሌላ መንገድ ነበር። ይገባኛል፤ አልከራከርም።

ላልሽው ጥያቄ፦ አለ። ይህንን ለመጻፍ ነው ቀኑ የፈጀብኝ። ያለውም ኖርዝ ላስ ቬጋስ ነው፤ ከቤቴ በመኪና ሃያ አምስት ደቂቃ።

ልጁ ጽጌወይን ዲቪ ደርሷት ከመጣች ዓመታት ሆኗታል፤ መጋዘን ነው የምትሠራው። ዜግነት ስታገኝ አባቷን አስመጣች። ያለፈው ዓመት ፋሲካ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጀርባውን ብቻ አይቼ አወቅሁት፤ ከሰው ሁሉ በላይ የቆመ ጭንቅላት። ፀጉሩ ነጭ ሆኗል። ሥጋ ወደሙ ሳይወጣ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጎን በር ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሩቅ ያለው ቤተ ክርስቲያን ነው የምሳለመው። እናትሽ ለምን ስትለኝ «ፓርኪንጉ ይሻላል» አልኳት። አስቢው፤ በስድሳ ሁለት ዓመቴ ከእግዚአብሔር ቤት ፓርኪንግ አማርጬ።

ለእናትሽ ቅዳሜ ነገርኳት። የምታጥበውን ሰሃን ይዛ ውሃው እየፈሰሰ ሰማችኝ። ስጨርስ፦

«እና እኔ ሠላሳ ዓመት ለማን ነው ያጨበጨብኩት?» አለች።

«ለፍቅረማርያም።»

«በእኔ ቤት እንጀራ እየበላህ፣ በሰው እግር!»

«እታፈራሁ፣ እኔ…»

«ዝም በል። ለጎረቤቶቼ አንተው ትነግራቸዋለህ። አንድ በአንድ። ደግሞ እንዳታስቃቸው።»

እየነገርኳቸው ነው። ሦስት ቀርተዋል። ሳልቀልድ ማውራት ምን ያህል እንደሚያልብ አላውቅም ነበር። ከዚህ በረሃ አርባ አራት ዲግሪ ሙቀት በላይ ነው።

ወደ እሱ ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም። በደለኛ ሽማግሌ ይልካል፤ ወጋችን ነው። ስለዚህ አብሮኝ ሸትል ለሚነዳው ለዓምደሚካኤል ነገርኩት። ሽማግልና ይችልበታል፤ ስንት ባልና ሚስት አስታርቋል። ሺፍት ስንቀያየር መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን፦

«ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ።

«አርባ ዓመት ሊሞላው ነው።»

«ወንድሜ፣ አንተ የሚያስፈልግህ ሽማግሌ ሳይሆን አርኪዮሎጂስት ነው።» ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወ። «እሱ ይቅርታ ካላደረገልህስ?»

«አያድርግልኝ። ይስማኝ ብቻ።»

«አይ። ይስማኝ ብለህ ሽማግሌ አትልክም። ይቅር በለኝ ብለህ ነው። እምቢ ቢልህ ደግሞ እንደገና ትልካለህ። ሁለተኛ እንዳትጠፋ፤ አሁን ተያዥህ እኔ ነኝ።»

አየሽ፣ ቃሏን ከእኔ ነው የሰማት፤ ወዲያው መልሶ ወረወረብኝ። መሪውን ይዤ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ከኋላችን ያለው ታክሲ ጥሩንባ ነፋብን።

ቀጠሮው ለፊታችን እሁድ ነው። ዓምደሚካኤልና ሁለት ካህናት ይቀድማሉ፤ እኔ ደጅ እቆያለሁ፤ ሲጠሩኝ እገባለሁ። የምለውን ጽፌ አጠናሁት። ሦስት ጊዜ ቆርጬዋለሁ። የመጀመሪያው ላይ ደርግ ነበረበት፣ ዘመኑ ነበረበት፣ ወጣትነት ነበረበት። ዓምደሚካኤል አንብቦ «ይሄ የመከላከያ መልስ ነው» ብሎ መለሰልኝ። አሁን አራት መስመር ነው የቀረው። የመጀመሪያው መስመር ስሜ ነው። ሁለተኛው መስመር ሰርተፍኬቱ ካልሲዬ ውስጥ እንደነበረ ነው። ይህን ከአንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ እሱ በድንገት ነው ብሎ ይቅር ቢለኝ ደግሞ ሌላ ስርቆት ይሆንብኛል።

ሦስተኛው ላይ ናጋሳኪን እመልስለታለሁ ይላል። እንዴት እንደሚመለስ ግን እንጃ። ከተማ በአፍ ነው የወሰድኩት፤ በአፍ ይመለስ ይሆን? ደብተሩን ያንን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ ብዬ ነበር ይህን መጻፍ የጀመርኩት። የእጅ ጽሑፉን ቢያይ የራሱ እንደሆነ…

ቆይ፣ የበሩ ደወል ነው።

ስልኬ ላይ በበሩ ካሜራ አየሁት። መጀመሪያ ደረትና ሆድ ብቻ ነው የሚታየው፤ ካሜራው ለእንደኔ ዓይነት አጭር ሰው ነው የተሰቀለው። ቀጥሎ ጎንበስ አለ። ነጭ ፀጉር። ብቻውን ነው። መኪና የለም፤ ከአውቶቡስ ፌርማታው በእግሩ ነው የመጣው፣ በዚህ ፀሐይ። ዓምደሚካኤል፣ ምላስህን! ቤቴን ነገርከው! እሁድ ነው ያልኩት። ዛሬ ሐሙስ ነው።

እንደገና ደወለ። ካሜራው ላይ አፉን አስጠግቶ፦

«ባዘዘው። መኖርህን አውቃለሁ፣ መኪናህ ቆሟል። ክፈት እንጂ፣ በፀሐይ ልሙት እንዴ?» አለ።

ድምፁ ያው ነው። ሮሐ፣ ያጠናሁት አራት መስመር ከየት እንደሚጀምር ጠፋብኝ፤ ወረቀቱን ልፈልግ ብል እሱ ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል።

አላስጠብቀውም። ልከፍትለት ነው